የጳርቴዎች ሺህና የእኔ አንዲት ግመል

ዘመኑ ሁለት ሺህ አስራ ስድስት ነበር፤ እኔም ሰባ አንድ ዓመቴ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው። የምኖረው በኬንያው ሞያሌ ስለሆነ ግን እዚህ ዓመቱ ሌላ ነው። ኬላውን ተሻግሬ በርበሬ ገዝቼ ስመለስ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ መጣሁ ማለት ነው፤ ጉልበቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አብሮኝ ወደ ኋላ ሄዶ አያውቅም። የኬንያ መታወቂያዬ ደግሞ ስልሳ አራት ነህ ይለኛል። የመዘገበኝ ጸሐፊ መቼ እንደተወለድኩ ሲጠይቀኝ "በጎርፉ ዓመት" አልኩት፤ ፊቴን ትንሽ አየና የመሰለውን ጻፈ። አልተከራከርኩም። ሰባት ዓመት በነጻ የሚሰጥ መንግሥት ከየት ይገኛል?

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ማንበቡን እንደጀመርኩ አገር ተረበሸና ወደዚህ ተሰደድኩ። ስለዚህ ግድፈት ያገኘ ሰው አይቶ እንዳላየ ይለፍ። እኔ ራሴም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ወደ ግመሏ ልምጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሎሪ ላይ ረዳት ሆኜ ያጠራቀምኩትን አውጥቼ በስተርጅና አንዲት እንስት ግመል ገዛሁ። ባለቤቴ አስካለ "ሰው ሲያረጅ ዱላ ይይዛል እንጂ ግመል አይዝም" ብላኝ ነበር። እኔ ሰው አትግዛ ያለኝን ነገር ሳልገዛ ያደርኩበት ቀን የለም። ግመሏን ኡራን በሚባል መንደር ላለ ጉዮ ለሚባል ቦረና እረኛ ሰጠሁት፤ ከራሱ ግመሎች ጋር ያሰማራታል፣ እኔ ወተቴን እጠብቃለሁ።

ጉዮ ግን ገና እንዳያት ዞር ዞር አለና "ምዜ፣ ምልክቷ የታል?" አለኝ፤ እዚህ ሽማግሌን "ምዜ" ነው የሚሉት።

"የምን ምልክት?"

"የቤትህ ምልክት። ምልክት የሌላት ግመል የማንም ናት።"

እዚህ አገር ግመል ያለው ቤት ሁሉ ምልክት አለው። ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ ይወርሰዋል። በረሃ ላይ ሁለት እረኞች ሲገናኙ መጀመሪያ ስለ ዝናብ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ስለ ሣር፣ ከዚያ "ጭኗ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ያላት ግመል አይተሃል?" ይባባላሉ። የጠፋ ግመል የሚገኘው እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ነው። እኔ ግን በአንድ ሸሚዝ ድንበር የተሻገርኩ ስደተኛ ነበርኩ። ከአባቴ የወረስኩት ምልክት ቢኖር የግንባሬ ሽብሽብ ነው፤ እሱን ደግሞ ግመል ላይ አልተኩሰውም።

ልክ በዚያ ሰሞን ልጄ ትዕግሥት ለእረፍት ከናይሮቢ መጣች። ትዕግሥት ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ምን እንደምትሠራ ጎረቤት ሲጠይቀኝ "ትልቅ ሥራ ነው" እያልኩ ነበር የማልፈው፤ አላውቀውማ። ያን ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩና የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የተደረደሩ ጠማማ ጠማማ ነገሮች አየሁ።

"ይህ ምንድን ነው ልጄ?"

"ቁጥር ነው አባ። የጥንት የፋርስ አገር ሰዎች ቁጥር። ፓርትያ የሚባሉ ነበሩ፤ ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀርጹት።"

"ጳርቴ በይ! ቄሱ በጰራቅሊጦስ ሲያነቡ የሚጠሯቸው ናቸው።"

"እሺ፣ ጳርቴ።"

"ዛሬ ማን ይጽፍበታል?"

"ማንም። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው።"

"ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊለታለሽ? ተዝካር?"

ሳቀችና አስረዳችኝ። በዓለም ላይ ያለ ፊደልና ቁጥር ሁሉ የሚገባበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። እያንዳንዱ እዚያ ውስጥ የራሱ መለያ ይሰጠዋል። እኛ ስልክ ላይ ፊደል ስንልክ የሚሄደው ሥዕሉ ሳይሆን መለያው ነው፤ ተቀባዩ ስልክ መለያውን ያይና ውስጡ ካስቀመጣቸው ቅርጾች መሀል ፈልጎ ያወጣዋል። እሷ ለሞቱት ቁጥሮች ቅርጻቸውን ነው የምትስለው። የእኛዎቹ ፩ና ፪ም እዚያው መዝገብ ውስጥ አሉ አለችኝ።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ "ስልኩ ውስጥ ቅርጹ ባይኖርስ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር አናደደኝ። እኔ በሕይወት ያለሁ፣ የምበላ፣ የምጠጣ፣ የማስነጥስ ሰው፣ ለመታወቂያ ስንት ዘመን ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቻለሁ። "ነገ ና" ያለኝ ጸሐፊ ጡረታ ወጥቶ፣ ልጁ በቦታው ተተክቶ እሱም "ነገ ና" ብሎኛል። የጳርቴ ቁጥር ግን ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ አልቃሽ እንኳ ሳይተርፈው፣ ማንም ሳይሰለፍለት መታወቂያ ይሰጠዋል!

"ስንት ናቸው?" አልኳት እየተቆጣሁ።

"ስምንት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አስር፣ ሃያ፣ መቶ፣ ሺህ።"

"አምስትስ?"

"አራትና አንድ ጎን ለጎን ያደርጋሉ።"

"ሰነፎች ነበሩ በይኛ።"

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው። ማንም የማያውቀው፣ ማንም የኔ ነው የማይለው፣ ከጎሳዎቹ ቦረናው ከገብራው፣ ገብራው ከገሪው የማይጣላበት ምልክት ማለት ይኸው አይደለም? ከስምንቱ ሺህን መረጥኩ። ግመሌ አንዲት ናት፤ ግን ምልክት ለመምረጥ ከተፈቀደልኝ አይቀር በትንሹ ለምን እጀምራለሁ? ግመሏንም በዚያው ሺወርቅ አልኳት። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልስልላችሁ አስቤ ነበር። ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ቆይታችሁ ትረዱልኛላችሁ። ለእኔ የታመመ እባብ ይመስለኛል፤ ለአስካለ ደግሞ ጭራ ያለው መንጠቆ።

ትዕግሥት የጳርቴን ቅርጾች ስልኬ ውስጥ ከተተችልኝና ቁጥሩን ይዤ ብየዳ ቤት ሄድኩ። እዚህ አገር ምልክት የሚወጣው በቀጥተኛ ብረት ነው፤ እረኛው ብረቱን ያግልና በእጁ እየጎተተ ይስላል። እኔ ግን የሠለጠነ ሰው ልሁን ብዬ፣ አንዴ አስቀምጠው የማነሳውን ብረት አዘዝኩ። ፉንዲው፣ ማለት በያጁ፣ ስልኬን አየ፣ ብረት አጠፈ፣ እንደገና አየ፣ እንደገና አጠፈ።

"ምዜ፣ ይህ የበር ነው የመስኮት?"

"የግመል ነው።"

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ቅርጹን ልክ ስልኩ ላይ እንደሚታየው አድርጎ ሠራው፤ ኡራን ወስጄ ለጉዮ ሰጠሁትና ሺወርቅን ቀኝ ጭኗ ላይ ተኮሳት። እሷ ጮኸች፣ እኔ ዞሬ ቆምኩ። ብረቱም እዚያው ጉዮ ዘንድ ቀረ።

ጊዜ አለፈ፣ ሺወርቅ አረገዘች፣ ከበደች። ሊወልዱ ሲቃረቡ ግመሎች ነገረኛ ይሆናሉ፤ ብቻቸውን መሆን ይወዳሉ። አንድ ጠዋት ጉዮ ደወለ። "ምዜ፣ ፖሌ፣ አዝናለሁ። ግመልህ ውሃ ላይ አልመጣችም። ጫካ ገብታለች።"

የግመል ነገር ለማያውቅ ልንገር፤ ብቻዋን ጫካ ውስጥ የወለደች ግመል ግልገሏን ለጅብ ወለደች ማለት ነው። እግሩ ሳይጸና ያገኘዋል። እኔ ደግሞ ሌላ ግመል የለኝም። ልቤ እንደ አሮጌ ሎሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ለትዕግሥት ደወልኩ። "ምልክቱን ላኪልኝ፤ በግሩፖቹ ሁሉ ልልቀቀው።"

"አባ፣ ቅርጹን ፎቶ አንስተህ ላክ። ፎቶ ይሻላል።"

"ፎቶ ለሠርግ ነው! መታወቂያ አለው፣ የትም ቢሄድ ስልክ ያውቀዋል አላልሽኝም?"

"አዎ፣ ግን ሁሉም ስልክ ቅርጹ…"

"ግመሌ ጫካ ውስጥ ናት፤ አንቺ ቅርጽ ትይኛለሽ! ላኪ!"

ላከች። እኔም በደንብ አቀናብሬ ጻፍኩ፦ ግመል ጠፍታብኛለች፤ እንስት ናት፣ ቀይ ናት፣ ከብዳለች፤ ቀኝ ጭኗ ላይ ይህ ምልክት አለባት። ከሥሩ ሺህን ለጠፍኩ። ስልኬ ላይ ጭራዋ ሳይቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። የግመል ነጋዴዎች ግሩፕ፣ የሎሪ ሾፌሮች ግሩፕ፣ የሰንበቴ ማኅበር ግሩፕ፣ አንዱም አልቀረ። ለቀቅኩትና ቁጭ አልኩ።

ብዙም አልቆየ፣ ከሶሎሎ ተደወለ። "ምዜ፣ ግመልህን ይዤልሃለሁ። ምልክቱ ልክ ነው።" በአቧራ ተጠምቄ በሎሪ ሄድኩ። ሰውየው ፊቱ በርቶ አንድ ግመል ጎትቶ አመጣልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

"ይህ እኮ ወንድ ነው!"

"አዎ፣ ወንድ ነው።"

"እኔ እንስት ነው ያልኩት፤ ያውም እርጉዝ!"

"ምዜ፣ ሰው ሲጨነቅ ይሳሳታል ብዬ ነው። ምልክቱ ግን ያው ነው።"

ጭኑን አየሁት። አራት ማዕዘን ሳጥን ተተኩሶበታል። "ይህ የኔ አይደለም" ስለው ስልኩን አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ። የጻፍኩት ሁሉ አለ፤ እንስት ናት፣ ቀይ ናት። ከሥሩ ግን በሺህ ፈንታ ባዶ ሳጥን ተቀምጧል። የኔን አውጥቼ አሳየሁት፤ ሺህ። የሱን አየሁ፤ ሳጥን። ጎን ለጎን አደረግናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላፈረም።

"ስልክህ ታሟል" አልኩት።

"ያንተ ነው የታመመው። የኔ አዲስ ነው።"

ማን እንደታመመ ሳንግባባ ተለያየን። ሎሪው ላይ እንደተሳፈርኩ ሌላ ስልክ ጮኸ። ከወዲያኛው ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ዘይነባ የምትባል ነጋዴ ናት።

"አባባ፣ ሳጥኑን አግኝቼዋለሁ፤ ግመሏን ግን አላየኋትም።"

"የምን ሳጥን?"

"ግመሏ የተጫነችው ነዋ! መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ሳሙና ነው። ትንሽ ጎድሏል፤ ወላሂ እኔ አልነካሁም።"

"እኔ ሳሙና አልጠፋብኝም!"

"ካልጠፋብህ ለምን ላክህብን?" ብላ ዘጋችብኝ።

እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ሳሙና ጭኛት ነበር እንዴ? ሰባ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም፤ ስልሳ አራትም ቢሆን።

ቤቴ ስደርስ አጥሬ ሥር ግመሎች ተኮልኩለው የአስካለን የጌሾ ቅጠል ይሸመጥጣሉ። ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ ሁሉም ጭናቸው ላይ ሳጥን። ያመጧቸው ሰዎች ምስጋና እየጠበቁ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"አንድ ግመል ጠፋችብኝ ብለህ ሄድክ፤ ይኸው ከነጎረቤቶቿ መጣችልህ!"

"እሷ የለችበትም እኮ።"

"አይዞህ፣ ምልክቴ ሺህ ነው አላልክም? ገና ይመጣሉ!"

የመጣው ግን ሐጂ ኢሳቅ ነበር። ሐጂ ኢሳቅ ገሪ ነው፣ የታወቀ የግመል ነጋዴ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ የሚያስቀድመኝ ጨዋ ሰው። የሳጥን ምልክት ከአያት ቅድመ አያቱ የወረደ የሱ ቤት ምልክት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ግመሎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ በመጨረሻም እኔን አየኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዘመን በሰላም ኖርን። ሌባ ሲሰርቅ ተደብቆ ነው። አንተ ግን ግመሎቼን በስልክ ጠርተህ ታሰባስባለህ?"

"ሐጂ፣ እኔ ሳጥን አልላክሁም።"

ስልኩን አወጣ። ሳጥን። "ይህ ምንድን ነው?"

"ሺህ ነው።"

"ሺህ?"

"የጳርቴ ሺህ።"

ሐጂ ወደ አስካለ ዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት። እሷም "እኔ ሳገባውም እንዲሁ ነበር" አለችው።

በማግስቱ ከከብት ገበያው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ሽማግሎች ፊት ቀረብን። ሐጂ ጨዋ ነውና የመንግሥት ሹሙ ቺፍ ዘንድ አልወሰደኝም። ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሰው ግመል ሰበሰበ ከተባልኩ ከዚያ በኋላ ግመሌን የሚፈልግልኝም፣ የሚያሰማራልኝም አይኖርም። ሺወርቅ ደግሞ የትም ትሁን የት፣ ጊዜዋ ደርሷል።

የሽማግሎቹ አለቃ ጃርሳ ቦሩ ጥርስ የሌለው፣ ዓይኑ ግን ጥርስ ያለው ሽማግሌ ነው። "ስልክ ያላችሁ አውጡ" አለ። ሁሉም አወጣ። አንዱ ላይ ሳጥን፣ ሌላው ላይ ሳጥን፣ አንዱ ላይ በመስቀል የተሰረዘ ሳጥን፣ አንዱ ላይ ደግሞ በውስጡ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን። ያ ስልክ እንደኔ ግራ የገባው ነው፤ አሳዘነኝ።

ጃርሳ ቦሩ ስልኮቹን መለሰና "ከእጅ ወደ እጅ የሚለዋወጥ ነገር ምልክት አይባልም" አለ። "በል ዱላህን ያዝና መሬት ላይ ሣልልን።"

ስልኬን በግራ፣ ዱላዬን በቀኝ ይዤ፣ ምላሴን አውጥቼ ሣልኩ። ስጨርስ ሁሉም አንገታቸውን አዘነበሉ። ከሐጂ ጋር የመጣው እረኛው አብዲ ግን ተጠግቶ ቁጢጥ አለ።

"ይህቺን አውቃታለሁ" አለ። "ከኛ ግመሎች ጋር ተቀላቅላ ውሃ ላይ መጥታለች። ቀይ ናት፣ ከብዳለች።"

ልቤ ዘለለ። "ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም?"

"ምልክት መስሎኝ ነው? ለዳሌ በሽታ የተተኮሰች መስሎኝ ነው እንጂ! ያውም ሥራውን በማያውቅ ሐኪም። አሳዘነችኝና ከኛዎቹ ጋር ይዣት ነበር።"

ሽማግሎቹ በሳቅ ተንከባለሉ። እዚህ አገር የታመመ ግመል በእሳት ይታከማል፤ የሰው አገር ሺህም እንደ ሕመም ተቆጥሮልኝ ነበር። እኔም ልስቅ ስል አብዲ እንደገና ጎንበስ አለ።

"ግን… ጭራው ወደዚህ አይደለም። እሷ ላይ ወደዚያ ነው የሚዞረው።"

ሳቁ ቆመ። ሐጂ አየኝ። "እንግዲያው ያቺ ግመል ያንተ አይደለችም።"

"የኔ ናት!"

"ምልክትህ ጭራው ወደ ቀኝ ነው። የሷ ወደ ግራ ነው። ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ ምን እለዋለሁ?"

የተማረ ሰው ይመስክርልኝ ብዬ ለትዕግሥት ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ልጄ፣ ሺህ ጭራው ወደ ግራ ቢዞር ምን ይሆናል?"

"ሺህ አይሆንም አባ።"

"ምን ይሆናል ታዲያ? መቶ? ሃያ?"

"ምንም አይሆንም። መዝገቡ ውስጥ እንደዚያ የሚባል ቁጥር የለም።"

ሐጂ እጁን ዘረጋ። "ልጁ ራሷ መሰከረች።" እኔም ስልኩን ዘጋሁት፤ ከዚያ በላይ ብትረዳኝ እታሰር ነበር።

ጃርሳ ቦሩ ግን መሬቱን እያየ "በምንድን ነው የተኮስካት?" አለኝ። ብረት አሠርቼ፣ ኡራን ጉዮ ዘንድ ነው አልኩት። "ይምጣ" አለ። ጉዮ በቦዳ ሞተር ብስክሌት እስኪደርስ ፀሐይዋ ዞረች፤ እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ያቺ ግመል የኔ እንዳልሆነች ራሴም ማመን ጀምሬ ነበር። ምናልባት እኔም የኔ አይደለሁም።

ብረቱ መጣ። ጃርሳ ቦሩ ውሃ አስፈሰሰና ጭቃው ላይ ብረቱን ጫን አድርጎ አነሳው። ሁላችንም አጎነበስን። ጭቃው ላይ ሺህ አለ፤ ጭራው ወደ ግራ።

"ወላሂ፣ ይኸው ነው! እሷ ላይ ያለው ይኸው ነው!" አለ አብዲ።

ጃርሳ ቦሩ አየኝ። "አንተ ሰው፣ ግመል በእጅ ይሳላል እንጂ እንደ ደብዳቤ ይታተማል? ማኅተም ሲያርፍ ይገለበጣል። ቢሮ ስትመላለስ ኖረህ ይህን እንኳ አላየህም?"

አላየሁማ። ቢሮ ስሄድ ማኅተሙ ደብዳቤ ላይ ሲያርፍ የማየት ዕድል መቼ ገጥሞኝ ያውቃል?

መጀመሪያ የሳቀው ሐጂ ነበር። እስኪያነባ ሳቀና ትከሻዬን ያዘ። "ውሰዳት፤ ያንተ ናት። ነገ አብዲ ውሃ ላይ ይጠብቅሃል።" ሽማግሎቹ ግመሎቹን ለባለቤታቸው አስረከቡ፤ እኔን ደግሞ ለሁሉም ሻይ ፈረዱብኝ። ጃርሳ ቦሩ ሲነሳ "ለግልገሏ በአፍ የሚነገር ምልክት ፈልግ፤ መስመር፣ ክብ፣ የሰው ልጅ ሊያወራው የሚችል ነገር" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት የመከርኩህን ሰምቻለሁ ማለት እንጂ አደርገዋለሁ ማለት አይደለም።

ቤት ገብቼ ለትዕግሥት ደወልኩ። "ያንን ጭራው የዞረውን መዝገቡ ውስጥ አስገቢልኝ።"

"አባ! እንዲሁ አይገባም። ሰዎች እንደሚጽፉበት ማስረጃ ይጠየቃል።"

"የጳርቴዎቹን ማን ይጽፍበታል?"

"እነሱ ድሮ ድንጋይ ላይ ጽፈዋል።"

"እኔም ግመል ላይ ጽፌያለሁ።"

"አንድ ግመል ላይ ነዋ አባ። ስንት ሰው ነው አይቶ የሚያነበው? አንተ ራስህ ሳታይ ትስለዋለህ?"

ልጅ ሲማር እንዲህ ነው፤ ባስተማርክበት ምላስ መልሶ ይገርፍሃል። ከጀርባዬ አስካለ "በል መልስላት!" ትላለች።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሳይሞቅ በሎሪ ተሳፍሬ የሐጂ ግመሎች ወደሚጠጡበት ውሃ ወረድኩ። ሺወርቅ ከመንጋው ፈንጠር ብላ ቆማለች። ሥሯ አንድ እርጥብ፣ አራቱም ረጃጅም እግሮቹ ያልተዋወቁ ግልገል ጡቷን ይፈልጋል፤ አብዲ ጎህ ሲቀድ ነው የወለደችው አለኝ። ግልገሉ የፊት እግሯን ሲጠባ ቆየ፤ ከዚያ ጡቷን አገኘው። እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ።

ሲበቃኝ ዱላዬን ያዝኩና እረኞቹን ሁሉ ጠራሁ። "ኑ ወዲህ! ይህን ሳታውቁ ከዚህ የሚሄድ የለም" ብዬ ውሃው ዳር ባለው እርጥብ መሬት ላይ ሣልኩላቸው። "ይህ ሺህ ነው። የጳርቴዎች ነበር፤ አሁን የሞያሌ ነው። በሉ፣ ሣሉ።"

አብዲ ጣቱን አስገባና ሣለ። ጭራውን ወደ ቀኝ አዞረው። የኔ ወደ ግራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው፤ ቀና ብዬ የሺወርቅን ጭን ልመለከት ስል እሷ ሌላኛውን ጎኗን ሰጥታኛለች።

"የቱ ነው ልኩ ምዜ?" አለኝ።

አፌን ከፍቼ ሳልናገር ያልጠጡት ግመሎች ተጋፍተው መጡና በሁለቱም ላይ አለፉባቸው። እረኞቹ ሳቁ። እኔም መንጋው እስኪያልፍ ጠበቅኩ፣ መሬቱን በእግሬ ደለደልኩና ከጭራው ጀምሬ እንደገና መሣል ጀመርኩ።